ደመወዟ ያልተቋረጠባት መምህርት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በትምህርት ክፍላችን ስም የተነበበ ንግግር)



ባለፈው ጉባኤ በዚህ ሰዓት የተናገርነው ስለ በርበሬ ማስፈጫውና ስለ ብድር አመላለስ ነበር። ዘንድሮ ስለ አንዲት የዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህርት እንናገራለን ስንል ከመካከላችን አንዲት እናት፣ «ኬሚስትሪ ደግሞ ምናችን ነው?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጠዋት ማታ ኢንሱሊን የሚወጉ እናቶች አሉ። ልጇ በሳንባ ምች ተይዞ በፔኒሲሊን መርፌ የተረፈላት አለች። ደም አንሶሻል ተብላ ቢ12 የታዘዘላትም አለች። የእነዚህ የሦስቱ ነገሮች የውስጥ ቅርጽ፣ ማለትም የትኛው አተም ከየትኛው ጋር እንዴት እንደተያያዘ፣ የታወቀው በአንዲት ሴትና አብረዋት በሠሩ ሰዎች ድካም ነው። ስሟ ዶሮቲ ሆጅኪን ይባላል። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከ40 ዓመት በላይ አስተምራለች፣ ተመራምራለችም። የምርምር ክፍሏ ባልደረቦች ሁሉ «ዶሮቲ» እያሉ በስሟ ይጠሯት ስለነበር እኛም አንቱ ሳንል ብንተርክ ድፍረት አይሁንብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶሮቲ የተወለደችው በ1910 ካይሮ ከተማ ነው። አባቷ ክሮውፉት በግብፅ፣ ኋላም በሱዳን በትምህርት ሥራ ላይ የነበረ ሰው ነው። እናቷ አዋላጅነት የተማረች፣ በጥንታዊ ሽመና ጥናትም ስሟ የሚጠራ ሴት ነበረች። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ልጆቹ እንግሊዝ አገር ቀሩ፣ ወላጆቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ዶሮቲ ያደገችው በአብዛኛው ከእናት ከአባቷ ርቃ ነው።

በ13 ዓመቷ ግን ወላጆቿን ለመጠየቅ ካርቱም ሄዳ ነበር። የእኛ ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት ከተማ ማለት ነው። በግቢያቸው በምትወርድ የውኃ ቦይ ውስጥ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ማዕድን አገኘችና ጆሴፍ ለሚባል የወላጆቿ ወዳጅ፣ የአፈር ኬሚስት ለሆነ ሰው አሳየችው። ሰውዬው «ሂጂ ተጫወቺ» አላላትም፤ ማዕድኑን መርምራ ምን እንደሆነ እንድታውቅ ረዳት። ኢልሜናይት የሚባል፣ ብረትና ቲታኒየም ያለበት ማዕድን ነበር። ኬሚካሎችና ዕቃዎችም ሰጣት፤ እሷም ቤቷ ውስጥ የራሷን ትንሽ ላቦራቶሪ አቋቋመች።

በቤክልስ ከተማ በሚገኘው ትምህርት ቤቷ ወንዶቹ ኬሚስትሪ ሲማሩ ሴቶቹ የቤት አያያዝ ይማሩ ነበር። ዶሮቲና አንዲት ጓደኛዋ ብቻ ከወንዶቹ ጋር እንዲቀመጡ ተፈቀደላቸው። ኦክስፎርድ ለመግባት ላቲን ግዴታ ነበር፤ እሷ ደግሞ አልተማረችም። ርእሰ መምህሩ ለብቻዋ አስተማራት። በ1928 ሰመርቪል ወደሚባለው የኦክስፎርድ የሴቶች ኮሌጅ ገባች፣ በ1932 በአንደኛ ማዕረግ ተመረቀች። ከዚያ ካምብሪጅ ሄዳ በርናል ከሚባል ሳይንቲስት ዘንድ ዕድሜ ልኳን የምትሠራበትን ሙያ ተማረች።

ይህን ሙያ ለማስረዳት አንድ ነገር እንድትሞክሩ እንጠይቃችኋለን። ዛሬ ማታ ከሩቅ የሚበራ የመንገድ መብራት ፈልጉ። ስስ ነጠላችሁን ወጠር አድርጋችሁ ዓይናችሁ ፊት ያዙና መብራቱን በጨርቁ ውስጥ ተመልከቱ። መብራቱ ብቻውን አይታያችሁም፤ ዙሪያውን በመስቀል ቅርጽ የተደረደሩ ትንንሽ ብርሃኖች ታያላችሁ። ድርና ማጉ ይበልጥ ሲቀራረብ ብርሃኖቹ ይበልጥ ይራራቃሉ። እንግዲህ ነጠላውን ያላየ ሰው እንኳ ብርሃኖቹን ብቻ ለክቶ የሽመናውን አሠራር ሊናገር ይችላል ማለት ነው። ጨውና ስኳርን በመሳሰሉ ክሪስታሎች ውስጥ አተሞች እንደ ድርና ማግ በሥርዓት ተደርድረዋል። አተሞቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ ግን ተራ ብርሃን አይበቃም። ስለዚህ ሐኪም ቤት አጥንት የሚታይበትን ራጅ በክሪስታሉ ላይ ያበሩበታል። ፊልሙ ላይ ነጥቦች ይወጣሉ። ዶሮቲና ባልደረቦቿ የእነዚህን ነጥቦች ድምቀት አንድ በአንድ በዓይን እየለኩ፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሒሳብ እያሰሉ አተሞቹ የት የት እንዳሉ ያገኙ ነበር። ሽመና ከምታውቅ እናት መወለዷን ስንሰማ ብዙም አልደነቀንም።

በ1934 ወደ ኦክስፎርድ ተመለሰች። የሥራ ቦታዋ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መዘክር ሕንፃ ውስጥ ያለ ክፍል ነበር። ክፍሉ ያለው መስኮት አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ከፍ ብሎ ከሰገነቱ ላይ ነው፤ ማይክሮስኮፑም እዚያው ነበር። ክሪስታሏን በአንድ እጇ ይዛ በመሰላል ትወጣና ትወርድ ነበር። እጇ ደግሞ ጤነኛ አልነበረም። በዚያው ዓመት፣ በ24 ዓመቷ፣ ጣቶቿን ያማት ጀመር፤ ሐኪሞቹም ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው አሏት። መገጣጠሚያን የሚያሳብጥና ቀስ በቀስ የሚያጣምም ክፉ ቁርጥማት ነው። ሥራዋ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ ነገር በጣት ጫፍ መያዝን ይጠይቅ ነበርና፣ ይህ ነገር ለሌላ ሰው የሙያው ማብቂያ በሆነ ነበር። ኋላ ላይ የራጅ መሣሪያውን ማብሪያ መጫን ሲያቅታት ረጅም እጀታ አሠርታ በእሱ መጠቀም ጀመረች።

ቁርጥማቱ በጀመራት ሰሞን ጥቂት የኢንሱሊን ክሪስታል ተሰጣት። ራጅ አብርታበት ፊልሙን ስታጥብ ነጥቦቹ ታዩ። በዚያች ሌሊት ከደስታዋ ብዛት በኦክስፎርድ ጎዳናዎች ላይ ስትዞር እንደነበር ኋላ ተናግራለች። ነገር ግን ኢንሱሊን ትልቅና ውስብስብ ስለሆነ በጊዜው በነበረው ዘዴ ሊፈታ አልቻለም። አስቀመጠችው። ወደ እሱ እንመለሳለን።

በ1937 ቶማስ ሆጅኪን የሚባል የታሪክ ሰው አገባች። ቶማስ በአገሪቱ ሰሜን ለሠራተኞች የማታ ትምህርት ያስተምር ስለነበር ለዓመታት ወደ ቤቱ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ነበር። በ1938 የመጀመሪያ ልጃቸው ተወለደ። በዚያ ዘመን ያገባች መምህርት፣ ይልቁንም የወለደች፣ ሥራዋን ትታ ቤቷ ትቀመጣለች የሚለው ልማድ ጠንካራ ነበር። ሰመርቪል ኮሌጅ ግን የወሊድ ፈቃድ ሰጣት፣ ደመወዟንም አላቋረጠም። በኦክስፎርድ ደመወዝ እየተከፈላት የወሊድ ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ እንደሆነች ይነገራል። ከወሊዱ በኋላ ቁርጥማቱ ክፉኛ ተነሳባት፤ ልብሷን መልበስ እንኳ አቅቷት ነበር። ታክማ ተመለሰች። ስትመለስ ቦታዋ እንደነበረ ጠበቃት።

ስለ ታላላቅ ሰዎች ሲወራ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሽልማቱ ይነገራል፣ ብልህነቷ ይነገራል። የዚያ ወር ደመወዝ ግን አይነገርም። እኛ ዛሬ ዶሮቲን የመረጥነው በዚያ ወር ደመወዝ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ስለ ራሳችን አንድ ነገር እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዲት አባላችን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ክፍል ገብታ ነበር። ከማኅበራችን ልጆች በዚህ ትምህርት የመጀመሪያዋ ናት። ስትገባ ቡና አፍልተን፣ ብርድ ልብስና ደብተር ገዝተን፣ መርቀን ሸኘናት። በሦስተኛው ዓመት ወለደች። ያን ጊዜም ሄድን። ገንፎውን በላን፣ እልልታውን አቀለጥነው፣ ለሕፃኑ ልብስ ወሰድን። ለፈተናሽ ማን ልጁን ይይዝልሻል ብሎ የጠየቃት ግን ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። እናቷ የጉሊት ሥራዋን ትታ ብትቀመጥ ቤቱ ይራባል። ለአንድ ሴሚስተር ብላ ወጣች፣ ሴሚስተሩ ዓመት ሆነ። ልጅቷ ዛሬ አንድ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ይህን እንድናነብ ፈቅዳልናለች፣ እዚሁም በመካከላችን ተቀምጣለች። «እናንተን አልቀየምኩም፣ እኔም አልጠየቅኋችሁም» ብላናለች። እኛ ግን በራሳችን ላይ ቅር ብሎናል። እድርተኛ ሲሞትበት ድንኳን ለመትከል ማንም እስኪጠይቀን አንጠብቅም እኮ!

ወደ ዶሮቲ እንመለስ። በ1941 ሁለተኛ፣ በ1946 ሦስተኛ ልጅ ወለደች። ቤት ውስጥ ሞግዚትና የቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም። እነዚያ ሴቶች ባይኖሩ ላቦራቶሪው አይከፈትም ነበር። በሁለቱ ወሊዶች መካከል ጦርነት ነበር፣ በጦርነቱ መካከል ደግሞ ፔኒሲሊን። መድኃኒቱ ቁስለኞችን ከሞት እያዳነ መሆኑ ታውቋል፤ በውስጡ ምን እንዳለ ግን የኬሚስትሪ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ዶሮቲና የቀድሞ ተማሪዋ ባርባራ ሎው ሥራውን ጀመሩ። በ1945 መልሱ ተገኘ። መካከሉ ላይ አራት አተሞች ብቻ ያሉት ጠባብ ቀለበት አለ። አንዳንድ ኬሚስቶች እንዲህ ያለ ቀለበት አይጸናም ብለው ተከራክረው ነበር፤ ነጥቦቹ ግን አለ አሉ። ዛሬ ከፋርማሲ የምንገዛው አሞክሲሲሊን ያንኑ ቀለበት የያዘ የፔኒሲሊን ዘመድ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ሠርታም ዩኒቨርሲቲው ራሱ የመምህርነት ቦታ የሰጣት በ1946 ነው። እስከዚያ ድረስ የቆየችው በዋናነት በኮሌጇ መምህርነት ነበር፤ የምርምር ገንዘቡንም በየጊዜው እያመለከተች ታገኝ ነበር። በ1947 የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆና ተመረጠች። የምርምር ፕሮፌሰርነት ያገኘችው ግን በ1960 ነው፤ ያን ጊዜ 50 ዓመት ሆኗታል። ሰው የዚህችን ሴት የሥራ መዝገብ ሲያነብ ሁሉ ነገር በየጊዜው ከች ያለላት ይመስለዋል። ዓመቶቹን ደርድሮ ያየ ግን ሥራው ምን ጊዜም ከሹመቱ ቀድሞ እንደሄደ ይገነዘባል።

ቢ12 ከፔኒሲሊን የባሰ ነበር። ክሪስታሎቹ በ1948 ደረሷት፤ ሙሉ ቅርጹ የታተመው በ1956 ነው። ሒሳቡ በእጅ የማይሞከር ስለነበረ ካሊፎርኒያ ያለ ኬኔት ትሩብላድ የሚባል ኬሚስት በዚያ ባለው ኮምፒዩተር ሊያሰላላት ፈቀደ። ቁጥሮቹ በፖስታና በቴሌግራም ውቅያኖስ እያቋረጡ ይመላለሱ ነበር። በኦክስፎርድ በኩል ደግሞ ጄኒ ፒክወርዝ የምትባል ተማሪዋ ከዋነኞቹ ሠሪዎች አንዷ ነበረች።

ስለ ተማሪዎቿ ካነሳን አንዷን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነችው ማርጋሬት ታቸር በሰመርቪል ኬሚስትሪ ስትማር አስተማሪዋ ዶሮቲ ነበረች፤ የመጨረሻ ዓመት ምርምሯንም የሠራችው በእሷ ሥር ነው። በፖለቲካ ሁለቱ ሰማይና ምድር ነበሩ። ይሁንና ታቸር የመምህርቷን ሥዕል ጠቅላይ ሚኒስትር በነበረችበት ጊዜ በመሥሪያ ቤቷ አንጠልጥላ ነበር። መምህርነት እንዲህ ነው፤ ተማሪ ሐሳብሽን ባይቀበልም ያስተማርሽውን አይረሳም።

ቤቷም የሚገርም ነበር። ልጆቹ አደግ ካሉ በኋላ ከእኅቷ ከጆአንና ከአምስቱ የእኅቷ ልጆች ጋር በአንድ ትልቅ ቤት ኖሩ፤ ከየአገሩ የሚመጣ ተማሪና እንግዳም አይጠፋም ነበር። ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዷ «ይሄማ የኛ ግቢ ነው» ብላ አስቃናለች።

በ1964 የኖቤል ሽልማት በኬሚስትሪ ለብቻዋ ተሰጣት። ወሬው ሲደርሳት ጋና ነበረች፤ ባሏ በዚያ አገር ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ጥናት ተቋም ኃላፊ ነበርና። በኬሚስትሪ ከማሪ ኩሪና ከልጇ ከአይሪን ቀጥሎ ሦስተኛዋ ሴት ናት። አንድ የአገሯ ጋዜጣ ታዲያ ዜናውን የኦክስፎርድ የቤት እመቤት ኖቤል አሸነፈች በሚል ዓይነት ርእስ አወጣው። የቤት እመቤትነት ነውር አይደለም፤ ግማሾቻችን ነን። ነገር ግን ወንድ ሳይንቲስት ሲሸለም የሦስት ልጆች አባት ተሸለመ ብሎ የጻፈ ጋዜጣ አይተን አናውቅም።

አሁን ወደዚያ ወደተቀመጠው ኢንሱሊን። የመጀመሪያውን ፎቶ ያነሳችው በ24 ዓመቷ ነው። ቅርጹ የተፈታው በ1969፣ በ59 ዓመቷ። በመካከሉ 35 ዓመት አለ፤ ሦስት ልጆች፣ አንድ ጦርነት፣ ሁለት ሌሎች ትልልቅ ግኝቶች፣ የማይድን ቁርጥማት አለ። ያን ጊዜ ጣቶቿ ጠመዋል፤ ክሪስታሉን የሚይዙት ሌሎች ናቸው። ከኒውዚላንድ የመጣው ጋይ ዶድሰን፣ ከአውስትራሊያ የመጣችው የሒሳብ ምሩቋ ኢሌኖር ዶድሰን፣ ከህንድ የመጣው ቪጃያንና ሌሎችም አብረዋት ነበሩ። በስም ከጠራናቸው ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም ሥራው ሲጀመር አልተወለደም ነበር። በ1977 ከኮሌጁ ኃላፊነቷ ጡረታ ወጣች፣ በ1994 አረፈች።

አንድ ነገር እንጨምርና ወደ ጉዳያችን እንግባ። ሰመርቪል ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ ኮሌጆች ሁሉ ቀድሞ የሕፃናት ማቆያ የከፈተ ኮሌጅ ነው። በኋላ ዘመን የመጡት ሴቶች እንደ ዶሮቲ ሞግዚት የሚቀጥር ገንዘብ ባይኖራቸውም ልጃቸውን እዚያው አቆይተው ማስተማር ችለዋል ማለት ነው።

የትምህርት ክፍላችን ለዛሬው ጉባኤ ያቀረበው ሐሳብ ይህንኑ የሚመስል ነው። ከመጋዘኑ አጠገብ ያለው ክፍል አሁን ባዶ ጆንያ ብቻ ይዟል። ተጠርጎ፣ ኖራ ተቀብቶ፣ ምንጣፍ ተነጥፎበት በከፍተኛ ትምህርትና በማታ ትምህርት ላይ ያሉ አባሎቻችንና ልጆቻቸው ሕፃናቱን የሚያቆዩበት እንዲሆን እንጠይቃለን። ልጅ በመያዝ የሚውሉት ከአባሎቻችን መካከል ሁለት እናቶች ይሆናሉ፤ በነፃ ሳይሆን በደመወዝ። በጎ ፈቃድ አንድ ወር ይዞ ይዘልቃል፣ ከዚያ ሰው የራሱ ቤት ይጠራዋል። ለጋሾቻችን በየዓመቱ መስከረም ላይ ደብተርና ቦርሳ ስትሰጡን ኖራችኋል፤ እናመሰግናለን። ዘንድሮ ከዚያው ገንዘብ ከፊሉ ለእነዚህ ሁለት እናቶች ደመወዝ እንዲውል ብትፈቅዱልን እንወዳለን። ፎቶ ለማንሳት እንደ ቦርሳው የሚያምር አይደለም፤ እናውቃለን።

ከብድር ሣጥኑ ይነካል ብላችሁ የሰጋችሁ እናቶች ስጋታችሁን ሰምተናል። ሐሳቡ የብድር ሣጥኑን አይነካም፤ የገንዘብ ያዣችን ሒሳቡን ጽፋ ከመዝገቡ ጋር አምጥታለችና እየመጣችሁ ተመልከቱት። ያልገባችሁ ቁጥር ካለ አሁኑኑ ጠይቁ፤ ድምፅ የሚሰጠው ከሻይ በኋላ ነው።

ያቺ ልጃችን የትምህርት ማስረጃዋን አውጥታ ለመመለስ አመልክታለች። መልሱ ገና አልመጣም። ልጇ አሁን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ እዚያ በሩ አጠገብ የምታዩት፣ የገንዘብ ያዣችንን የቁልፍ መያዣ ይዞ የሚሮጠው እሱ ነው። የመጋዘኑም ቁልፍ ከዚያው ጋር ስለሆነ ሻይ ከመጠጣታችን በፊት እባካችሁ ተቀበሉትና ክፍሉን ከፍተን እንየው።